የእትዬ ዘውደነሽ አልፋልፋ

ሰኔ 24 ቀን 2006፣ መቱ

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስድስት ቀን ቀረው፤ እኔም ሪፖርት ላይ ተጣብቄያለሁ። ዕቅዱ አርባ አርሶ አደሮች በአልፋልፋ አመራረትና አመጋገብ ይሠለጥናሉ ይላል። የመጡት ሃያ ሦስት ናቸው። ዝናብ ነበር፣ የቡና አረም ነበር፣ የገበያ ቀንም ነበር። የቀረው ደግሞ በስልጠናው የሚታደለው ዳቦ ለሁሉም እንደማይደርስ ገምቶ ነው የቀረው።

ዛሬ ከሰዓት የጎደሉትን አሥራ ሰባት ስሞች አቴንዳንሱ ላይ ሞላሁ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ የግብርና ባለሙያ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ፊርማው እንዳይመሳሰል ሦስት እስክሪብቶ ቀያየርኩ። እትዬ ዘውደነሽም ከአሥራ ሰባቱ አንዷ ናቸው፤ በስልጠናው ቀን ያዮ ለቅሶ ሄደው ነበር። ለእሳቸው «ዘ» ጽፌ ጭራዋን ረዘም አድርጌ ጎተትኳት። ደህና ፊርማ ወጣት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ትምህርቱን ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ። ፕሮጀክቱ ክልስ ላም የሰጣቸው እሳቸው ናቸው፤ ከቀበሌው ሁሉ አልፋልፋቸው የለመለመውም የእሳቸው ነው። ለሌላው ባይነገር ለእሳቸው መነገር አለበት።

መንዝ በሠራሁባቸው ሦስት ዓመታት አልፋልፋ ወዳጄ ነበር። በዚያ በብርዱና በደረቁ የግጦሽ አገር ውርጭ ሌላውን ሣር ሲያቃጥለው እሱ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ይቆያል። አንዴ ከተዘራ አምስት ስድስት ዓመት ይታጨዳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቅጠሉ ደርቆ እጅ ላይ ይኮሰኩሳል። እዚህ ኢሉባቦር ግን ክረምት ከገባ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። እርጥቡን በባዶ ሆዱ የበላ ከብት ደግሞ ይነፋል። ስልጠናው ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ሰኔ 29

ሪፖርቱ ገባ። አብዱልመሊክ፣ ኃላፊያችን፣ ከእኔ ጋር እዚሁ መቱ የተማረ ነው፤ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «መቶ በመቶ፤ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለኝ። ጾም ላይ ስለሆነ ሻይ አልጋበዘኝም።

እትዬ ዘውደነሽ ጋ አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነው። ሚስቴ ሴናም ወገቤን እያለች ነው፤ እርግዝናዋ ስድስት ወር ገባ።

ሐምሌ 6

አልሄድኩም። ሰኞ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ ማታ

የእትዬ ዘውደነሽ ላም ሞተች።

ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ እጄ አሁንም ይሸታል። የታኘከ አልፋልፋ ሽታ ነው። ሴና ምንም አይሸተኝም ትላለች።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ተደወለ። ጎረቤታቸው ገለኔ ናት። «ቶሎ ና፣ ቡሬ ተነፍታለች፣ መቆም አቅቷታል» አለችኝ። የማውቀውን በስልክ ነገርኳት፤ ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርጋችሁ አቁሟት፣ ዘይት አጠጧት፣ አስኪዷት። ሞተሩን ሳስነሳ ትሮካሩ ትዝ አለኝ፤ የከብቱን ጎን በስቶ አየሩን የሚያስወጣው ብረት። እሱ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ የከብት ሐኪሙ ኪስ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ጅማ ነው። ሌላ ቁልፍ ስፈልግ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠፋ። ከዚያ ጭቃው። ስደርስ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር።

ተኝታለች። ግራ ጎኗ ከጀርባ አጥንቷ በላይ ወጥቷል። በጣቴ ስመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ምላሷን አውጥታ እያቃሰተች ትተነፍስ ነበር። ቢላ ስጡኝ አልኩ፤ ሰጡኝ። የሚወጋበትን ቦታ አውቃለሁ፤ በመጽሐፍ አውቃለሁ። እጄ እምቢ አለ። እንዲያው ለምን ያህል ጊዜ ቢላ ይዤ እንደቆምኩ እንጃ። ስወጋት ዘግይቼ ነበር።

እትዬ ዘውደነሽ ራሷን ታቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «ጠዋት አጭጄ ነው የሰጠኋት። እንዴት ደስ ብሏት በላች መሰለህ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «መርዝ ነበረው እንዴ ገብሬ?» አሉኝ።

«የለውም እትዬ። እርጥበቱ ነው። ታጭዶ ጠውልጎ ነው የሚሰጠው፤ ከእሱ በፊትም ደረቅ አገዳ መብላት አለባት።»

«እንዲህ ነው እንዴ» አሉ።

ትሮካሩ ቢኖር ትተርፍ ነበር። ቁልፍ ይዞ ጅማ የሚሄድ ሐኪም የት አገር ይገኛል?

ሐምሌ 13

ዛሬ ቀበሯት አሉ። የአራት ወር ጥጃዋ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ዋለች አሉ።

ሐምሌ 17

ስለ ትሮካሩ ቁልፍ ማስታወሻ ጽፌ ለአብዱልመሊክ ሰጠሁ። ከእንግዲህ ሁለት ቁልፍ ይኑር ብዬ። ጥሩ ሐሳብ ነው አለ።

ሌሊት እየነቃሁ ነው። ሴና በጀርባዋ ተኝታ ስትተነፍስ አዳምጣለሁ። ሆዷ ከብርድ ልብሱ በላይ ይታየኛል። «ምነው ሆዴን መንካት ተውክ?» አለችኝ ዛሬ ጠዋት። እጄ ቀዝቃዛ ነው አልኳት።

ሐምሌ 25

አብዱልመሊክ ቢሮው ጠራኝ። ዒዱን ሁሩሙ አክብሮ መምጣቱ ነው፤ ፊቱ በርቷል። «የዘውደነሽን ጉዳይ የፕሮጀክቱ ኮሚቴ ነሐሴ 20 ያየዋል» አለኝ።

ደንቡን ለራሴ ልጻፈው፤ በጭንቅላቴ ሲዞር ውሏል። ፕሮጀክቱ ላም የሰጠው ሰው የመጀመሪያዋን እንስት ጥጃ ጡት ስትጥል ለተረኛ ያስተላልፋል። ላሟ ያለ ባለቤቷ ጥፋት ከሞተች ግን ጥጃዋ ለባለቤቷ ትቀራለች። በቸልተኝነት ከሞተች ጥጃዋ ለተረኛ ትሄዳለች፤ ባለቤቷም ባዶዋን ትቀራለች። ተረኛዋ ገለኔ ናት። እሷም የሦስት ልጆች እናት ናት፤ አልፈርድባትም።

«መቼስ ቸልተኝነት ነው» አለ አብዱልመሊክ። «ሠልጥናለች። አቴንዳንሱን አያይዘነዋል።»

«አዎ» አልኩ።

ለምን አዎ እንዳልኩ አላውቅም። ጥያቄ እንኳ አልነበረም።

ሐምሌ 28

ከሁሩሙ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች፦

«የዘውደነሽን ላም የገደለው ያ ማርጋ፣ ያ ሣር ነው ይላሉ።»

«ማርጋው ምን አደረገ? ሲያስተምሯት ተኝታ ነው እንጂ። አርባ ሰው ሰምቶ የማን ላም ሞተ?»

አርባ ሰው። ዘወር ብዬ ሃያ ሦስት ነው ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። መስኮቱን ከፈትኩ። ዝናብ ገባብን ብለው ተቆጡኝ።

ነሐሴ 2

እትዬ ዘውደነሽን ላስተዛዝን ሄድኩ። አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድም።

ጥጃዋ በረንዳው ሥር ታስራለች። እናቷን ነው የምትመስለው። እትዬ የበቆሎ እሸት አቀረቡልኝ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ባለፈው ዓመት ስላረፉት ባለቤታቸው አወራን። ያቺ ላም ከመጣች ወዲህ ቤቱ ድምፅ ነበረው አሉ። ጥጃዋን ካተረፉልኝ በሁለት ዓመት እንደገና እቆማለሁ አሉ።

እኔም የራሴን አወራሁ። ሴና ነፍሰ ጡር መሆኗን፤ የእኔ ውል በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን፤ ዘንድሮ ሰው ሊቀንሱ ነው እየተባለ መሆኑን። ሰው ከሰው ሲገናኝ የሚያወራው ነው። በዚያውም ኮሚቴው ስለ ስልጠናው ሊጠይቅዎ ይችላል አልኳቸው፤ ድንገት እንዳይሆንባቸው ብዬ ነው።

«ምን ብለው?» አሉኝ።

«ነበርሽ ወይ ብለው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እሸቱን ብላ እንጂ አሉኝ።

ምንም አልጠየቅኳቸውም። ይህ ይታወቅልኝ። ምንም ነገር አልጠየቅኳቸውም።

ነሐሴ 3

ይታወቅልኝ የምለው ለማን ነው? ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም።

ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር

ሴና ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ብላ ሄድን። ከበሮው ተመታ። የመጀመሪያው ምት ላይ ያቺ ጎን በጣቴ ሥር ተሰማችኝ። አጥሩን ይዤ ወጣሁ። ውጭም ይሰማል። እስከ ዋናው መንገድ ወረድኩ፤ እዚያም ይሰማል።

ሴና ስትመለስ «ምን ሆነሃል?» አለች። ጾሙ ነው አልኳት። «አንተ እኮ ዘንድሮ አልጾምክም» አለች።

ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ላም ስለሞተች ሰው እንዲህ አይሆንም። ሌላ ነገር አለ» አለች። የለም አልኳት። ሽንኩርት ልትልጥ ተነሳች። ቢላውን ሳይ ወጣሁ።

ነሐሴ 15

ጋሼ ኪቲላን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ልቤን አጠንክሬ «ጋሼ፣ ያ አቴንዳንስ ላይ አንዳንድ ስም…» ብዬ ጀመርኩ።

እጄን ያዙኝ። «የእኔም ስም አለበት» አሉ። «ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ። እኔ ያን ቀን ሁሩሙ ገበያ ነበርኩ፤ በግ ስሸጥ።»

አልተቆጡም። የሚያስቃቸው ነገር ያለ ይመስላል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳቸው።

«ማል ጎና? ምን እናድርግ? ወረቀቱ ክልል ደርሷል። እሱን ብንነካ ስልጠናው በሙሉ ውሸት ነበር ይባላል፤ ፕሮጀክቱም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ዘንድሮ ይመጣሉ የተባሉት አሥር ጊደሮችም ይቀራሉ። አሥር ቤት ነው የሚጎዳው። ሆድ ይፍጀው ልጄ።»

ሆድ ይፍጀው። ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ እንዴት ቀላል ነው።

ወደ ቤት ስሄድ ቀለለኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ቀለለኝ። በዚህ ነው ራሴን የታዘብኩት።

ነሐሴ 20

ስብሰባው ቀበሌው አዳራሽ ነበር። ጋሼ ኪቲላ መሃል፣ አብዱልመሊክ በቀኝ፣ እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ። አቴንዳንሱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ገለኔ ትንሿን ልጅ አዝላ ኋላ ተቀምጣለች። እትዬ ዘውደነሽ የታጠበ ነጠላ ለብሰው መጡ።

ስብሰባው ሳይጀመር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ስለ ስልጠናው ሲጠይቋቸው አልነበርኩም ይላሉ፣ ያኔ ተነስቼ እውነታቸውን ነው፣ ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። እሳቸው ይጀምሩት እንጂ መጨረሱን ለእኔ ተዉት ብዬ ነበር። አረፍተ ነገሩን ሳይቀር በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጋሼ ኪቲላ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዘውደነሽ፣ በሰኔው ስልጠና ነበርሽ?» አሏቸው። ወረቀቱን እንጂ እሳቸውን አያዩም።

እትዬ ዘውደነሽ ወደ ጥጉ ዞሩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ሆዴ ይሁን ወደ እጄ ዝቅ ብለው አዩ፤ አላውቅም።

«ነበርኩ» አሉ።

«እርጥቡ እንደማይሰጥ ተነግሮሻል?»

«ተነግሮኛል። ረስቼ ነው።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ጻፍኩት። «ተነግሮኛል፤ ረስቼ ነው።» ቃል በቃል ጻፍኩት።

ጥጃዋ ለተረኛ ትተላለፍ ተባለ። ከዚያ ሁሉም ፈረመ። እትዬ ዘውደነሽ ተራቸው ሲደርስ አንዱ የኮሚቴ አባል ምንም ሳይባል ተነስቶ የማኅተሙን ቀለም አመጣላቸው። አውራ ጣታቸውን ነከሩና ቃለ ጉባኤው ላይ ጫን አደረጉት። ጽሕፈት አያውቁም። ከአጠገቡ አቴንዳንሱ እንደተዘረጋ ነው፤ ያቺ የእኔ «ዘ» ጭራዋን ጎትታ ተቀምጣለች። ጋሼ ኪቲላ አዩአት። አብዱልመሊክ አያት። ያ ቀለም ያመጣው ሰውዬም አያት። አብዱልመሊክ ወረቀቱን አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

ባለፈው ዓመት ዘሩን ስሰጣቸውም በአሻራ ነበር የተቀበሉት። አሁን አስታወስኩ። ሰኔ 24 ቀን ያን ማስታወስ እንኳ አልፈለግኩም።

እኔ ፈሪ ነኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

ነሐሴ 22

ለሴና ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። «ለእኔና ለልጄ ብዬ ነው ልትል ነው?» አለች በመጨረሻ። «እኔን እንደ ስኳሩ ይዘኸኝ ሄድክ ማለት ነው።» ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም።

ደብዳቤ ጻፍኩ። አሥራ ሰባቱን ስም የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ወይዘሮ ዘውደነሽ አልሠለጠኑም ብዬ ፈረምኩና ለአብዱልመሊክ ሰጠሁት። አነበበው፤ አጥፎ መለሰልኝ።

«የት ነበርክ ከትናንት ወዲያ?»

«እዚያው።»

«እሷ ሰው ፊት ነበርኩ ብላለች፤ አሻራዋ አለ። አሁን ይህ ሲገባ አንተ ትባረራለህ፤ ደግ። እሷስ? ኮሚቴ ፊት ዋሸች ተብላ ከሚመጡት ጊደሮች ዝርዝር ትሰረዛለች። በአንተ ብዕር ነው የምትሰረዘው። ከፈለግህ መልሰህ ስጠኝ፤ መዝገብ ቤት አስገባዋለሁ።»

እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጳጉሜን 3

ጥጃዋ ዛሬ ተላለፈች። ባለሙያ መገኘት አለበት ተብሎ ተገኘሁ። ሲዘንብ ነበር። እትዬ ዘውደነሽ ገመዱን ከእፍኝ ሣር ጋር አድርገው በሁለት እጃቸው ለገለኔ ሰጧት፤ ከብት በባዶ ገመድ አይሰጥም። «ይባርክልሽ፤ አንድ መቶ ያድርግልሽ» አሏት። ገለኔ ቀና ብላ ማየት አቃታት። ጥጃዋ በሩ ላይ ስትደርስ እግሯን ተክላ እምቢ አለች፤ ከኋላ መግፋት ነበረባቸው። ሰው ስለጎደለ ከገፉት አንዱ እኔ ነኝ።

መስከረም 6 ቀን 2007

ደብዳቤውን ኪሴ ይዤ እትዬ ዘውደነሽ ጋ ሄድኩ። ይግባ ካሉኝ ላስገባው፤ ይቅደድ ካሉኝ ልቀደው። መንገዱን ሁሉ ይህን ፍርድ እሳቸው ላይ ለመጣል ነው የሄድኩት፤ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

አልፋልፋቸው መሃል ቆመው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ደርሷል፤ አብቧል፤ የሚበላው የለም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊርማውን፣ አሥራ ሰባቱን፣ ሳልመጣ የዋልኩትን ሰኞ ሁሉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስኳር ይዘህ መጥተህ ስለ ሚስትህ ስታወራ ነው ያወቅኩት። ሰው ሲለምን አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን ነበርኩ አሉ?»

«ላሜ ሞታለች። የሚወለደው ልጅ ምን አጠፋ?» ማጭዳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «ለአንተ ያዘንኩ እንዳይመስልህ ደግሞ።»

ደብዳቤውን አወጣሁ። እጃቸውን አልዘረጉም። «እሱን ከራስህ ጋር ጨርሰው» አሉ። «እኔ ሌላ ነገር ነው የምፈልገው። ሰው ፊት ቆሜ ተምሬያለሁ ብያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ሆኜ አልኖርም። አስተምረኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። ለእነዚያ እንዳስተማርካቸው።»

ጀመርኩ። ሲያብብ ጀምሮ ነው የሚታጨደው አልኳቸው። ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ነው። ታጭዶ በቀጭኑ ተበትኖ እስኪጠወልግ ግማሽ ቀን ይቆያል። በክረምት ፀሐይ ከሌለ ጣሪያ ሥር ይዘረጋል፤ ጊዜው ይረዝማል። ከብቷ መጀመሪያ ደረቅ አገዳ ትበላለች። አልፋልፋው ከዚያ ጥቂት በጥቂት ነው። ግራ ጎኗ ከፍ ካለ ወዲያው ዘይት። እሳቸው አንድ ነዶ አጭደው ድንጋይ ላይ በተኑት፤ ቀጭን ነው ወይ አሉኝ። ይቅጠን አልኳቸው፤ አቀጠኑት። እያንዳንዱን ነገር ደገሙልኝ። ላም የላቸውም።

«ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው እትዬ።»

ሰዓቴን አየሁ። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው።

ጎንበስ ብለው የበተኑትን ቅጠል እያገላበጡ «ለቀሩትስ ነገርካቸው?» አሉኝ።

«ለየትኞቹ?»

«ለአሥራ ስድስቱ።»

አልነገርኳቸውም። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ፊርማው፣ ስለ ቢላው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ እንጀራዬ ሳስብ አሥራ ስድስት ቤት እርጥብ አልፋልፋ እያጨደ መሆኑ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። በአሉታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ማጭዳቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ በትራቸውን አነሱ።

«ተነስ እንሂድ» አሉ። «መጀመሪያ ገለኔ ጋ ነው። ጥጃዬ እዚያ ናት።»

ጭቃ ስለነበር በትራቸውን ወደፊት እየተከሉ ቀደሙኝ፤ እኔም ተከተልኳቸው።